አንድ ስልክ፣ አንድ ቤተሰብ

«ለአንቺ ደግሞ ማን ይደውልልሻል፣ እታለም?» አላት ወንድሟ። ክፋት አስቦ አይደለም። ስልኳ ልብስ ከተነከረበት ባልዲ ውስጥ ወድቆ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ጠጋኙ የጠየቀው ዋጋ አዲስ ሊገዛ ትንሽ ነው የቀረው። ወንድምዬው ያየው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ለእሱ ነገሩ የሒሳብ ጥያቄ ነበር። ጥያቄውን ጠይቆ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ጫማውን አጥልቆ ወደ ሥራው ሄደ፤ ስልኩም መሳቢያ ውስጥ ከሞቱ ባትሪዎችና የየትኛው በር እንደሆኑ ከተረሱ ቁልፎች ጋር ገባ። እታለም ግን ጥያቄዋን ይዛት ዞረች። ድንች ስትልጥ ታስባታለች፤ የሕፃኑን ጡጦ ስታጥብ ታስባታለች። ያናደዳት መጠየቋ አልነበረም፤ ስታስብ ብትውል መልስ ማጣቷ ነው። እውነትም ማን ይደውልላታል?

ስለዚህ ይህቺ ቅዳሜ ለእታለም እንደ ሌላው ቅዳሜ አልነበረችም። ከሰዓት በኋላ እንግዶች ይመጣሉ፤ የሚመጡትም የእሷ እንግዶች ናቸው። ለማንም አልተናገረችውም እንጂ ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ በሆዷ ስትደጋግመው ነበር፤ የእኔ እንግዶች፣ የእኔ እንግዶች። ሳሎኑን ጠርጋ ወለወለች፣ ሶፋውን ስባ ከኋላው የተጠራቀመውን የብስኩት ፍርፋሪና የጠፋ ካልሲ አወጣች፣ የመስኮቱን መስታወት በጋዜጣ አሸችው። ወንድሟ ገና ተኝቷል። ሚስቱ ትልቋን ልጅ ቁጭ አድርጋ ፀጉሯን ትጎነጉናለች፤ ልጅቷ እየተቆነጠጠች «ቀስ!» ትላለች። እታለም መጥረጊያዋን ይዛ በአጠገባቸው ስታልፍ፣ ለእኔ እንግዳ ልጁ ሁሉ ፀጉሩን ይሠራል ብላ ደስ አላት።

ነገሩ የጀመረው በበዓሉ ዕለት ነው። ወንድሟና ሚስቱ ልጆቹን ይዘው ወደ ሚስትየው ወላጆች ቤት ሄዱ፤ ከመካከላቸው «አንቺስ?» ያለ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ቤት ከቀረ ቆይቷል። እታለም በሩን ቆልፋ፣ በሁለት አውቶቡስ፣ ዳቦ ቤት አብራት ትሠራ የነበረችውን ጓደኛዋን ልትጠይቅ ከከተማው ማዶ ሄደች። ጓደኛዋ ቤቱን ከለቀቀች ቆይታለች። አዲሶቹ ተከራዮች በሩን ገርበብ አድርገው «አናውቃትም» ብለው መልሰው ዘጉት። ስትመለስ ዳገቱ መሐል ላይ ጉልበቷ ያዛት፤ እግሯን ልታሳርፍ የቆመችበት ደጅ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሆነ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ ዝማሬ ይሰማል። ደረቷ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ባጅ ያደረገች ልጅ ብቅ ብላ እጇን በሁለት እጆቿ ያዘቻት። ዳቦ ቤቱ እያለ ግማሹ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ ይላት ነበር፤ ሕንጻው ተሸጦ ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ ሰላምታውም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እጇን እንዲህ የያዛት ሰው አልነበረም። ልጅቷ ከፊት አስቀመጠቻት፤ ሲያልቅም ደጅ ወደተዘረጋው ጠረጴዛ ወስዳ ውሃ ሰጠቻት። «ብቻዎን ነው የመጡት?» ብላ ጠየቀቻት፤ እታለም ራሷን ነቀነቀች። «ከዛሬ ወዲያ ብቻዎን አይደሉም» አለች ልጅቷ። ይህንን በዚያን ቀን ለስንቱ እንዳለችው እግዜር ይወቅ፤ የእታለም እንባ ግን መጣ።

ጉልበቷን ነገረቻት፤ ዳገቱን እንደማትደፍረው ነገረቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ ለዚያማ መኪና አለ። ሰዎች ቤትዎ መጥተው ይጎበኙዎታል፣ ይመዘግቡዎታል፣ ከዚያ እሁድ እሁድ መኪናው ከደጅዎ ያነሳዎታል። ረቡዕ ደግሞ የእናቶች ስብስብ አለ፤ የሚጋግር ሰው ጠፍቶ እኮ የሱቅ ብስኩት ነው የሚበሉት። «ስልክዎን ብቻ ይስጡኝ፤ ከዚያ በኋላ እኛ ነን የምንፈልግዎት» አለች። ስልክ የለኝም ማለት እታለምን አሳፈራት። በቃሏ የምታውቀው ቁጥር የወንድሟን ብቻ ነውና እሱኑ ሰጠች። በዚያው ምሽት ለወንድሟ «ምናልባት ስልክ ቢደወልልኝ ጥራኝ» አለችው። «እሺ» አለ፤ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። የት ዋልሽም ብሎ አልጠየቃትም።

ስልኩ የጮኸው በሳምንቱ አጋማሽ፣ ወንድምዬው ሻወር ውስጥ እያለ ነው። ሚስቱ አነሳችው፤ እታለም ከኩሽና ሆና ሰማች። «አዎ፣ ከእኛ ቤት ነው… አዎ፣ ልጆችም አሉን፣ ሦስት… እንዴ፣ ሙዚቃም ታስተምራላችሁ? ፒያኖ? በነጻ?… ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸናል። ኧረ በጣም ይመቸናል!» ከዚያ በኩሽናው በር ብቅ አለች። «እታለም፣ በበዓሉ ከሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። አንድ ነገር ቢጋግሩልን።» ሚስትየው የባሏን ታላቅ እህት አንቺ ብላ አታውቅም። በዚያ ቤት አክብሮት እንደሆነ ሞልቶ ተርፏል። እታለም ለእኔ ነው የሚመጡት ብላ አልጠየቀችም፤ ምን ያስጠይቃል? ያለችበትን ፈልገው አይደል የደወሉት?

ረፋዱ ላይ ዱቄትና ዕንቁላል ልትገዛ ወረደች። ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ደረጃውን ግድግዳውን ተደግፋ፣ አንዱን እግር አስቀድማ ሌላውን እያስከተለች ነው የምትወርደው። ዕንቁላል እንደገና ጨምሯል፤ ቅቤማ አይነሳ። ባለሱቁ የምታዘውን ሲደረድር ቫኒላው ላይ ሲደርስ ቀና አለ። «ምነው እታለም፣ ዛሬ ከነቫኒላው? ሊድሩዎት ነው እንዴ?» «እንግዳ አለብኝ» አለችው። «የማን እንግዳ?» «የእኔ» አለች። ከአፏ ስትወጣ ለራሷም አዲስ ሆነችባት። ባለሱቁ ጥቂት አያትና «የእርስዎ ከሆነማ ዕንቁላሉ በትናንቱ ዋጋ ነው» ብሎ ጠቀለለላት። ሰውዬው ቀልደኛ ነው፤ በዋጋ ሲቀልድ ግን ታይቶ አያውቅም። ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ እያንቋቋ ነበር፤ እሷ ግን ፈገግ እያለች ነው የወጣችው።

ኬኩ ምድጃ ውስጥ እያለ ክፍሏን አሰናዳች። ክፍሏ ከኩሽናው ጀርባ ናት፤ አልጋዋ ከመግባቱ በፊት የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፣ አልጋዋ ከገባ በኋላም ይኸው ሥራዋ አልቀረላትም። ባዶ ሻንጣዎች፣ የልጁ ብስክሌት፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ ማንም የማይጥለው ማንም የማይጠቀምበት ማራገቢያ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ብስክሌቱንና ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ወደ በረንዳ አወጣች። አልጋዋን በነጭ አንሶላ አነጠፈች፤ ከኩሽና ሁለት በርጩማ አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሰው ልጠይቅ ብሎ የመጣ ሰው፣ የሚጠይቀው ሰው የት እንደሚኖር ማየት አይቀርለትም ብላ ነው። ሚስትየው ልብስ ልታሰጣ ስታልፍ ቆመች። በመጀመሪያ ብስክሌቱን፣ ከዚያ ነጩን አንሶላ፣ ከዚያ ሁለቱን በርጩማዎች አየች። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። «ብስክሌቱን ፀሐይ ይመታዋል፣ እታለም» አለች በመጨረሻ፤ ልብሱንም ሳታሰጣ ተመለሰች።

ምሳ ላይ ብዙ ወሬ አልነበረም። ወንድምዬው በአንድ እጁ ሹካውን፣ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ይበላል፤ ልጁ ሩዙን ከሳህኑ ዳር ዳር ይገፋል፤ ሕፃኑ ጉንፋን ይዞት ያነፈንፋል። «እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው የሚመጡት?» አለ ወንድምዬው ሳይታሰብ። ሚስቱ እታለምን አላየቻትም። «ለልጆቹ ነው። ፒያኖ ያስተምራሉ» አለች። «እኛ እኮ የማንሄድ ሰዎች ነን።» «መሄድ መጀመር ነዋ።» ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ወንድምዬው እንዲህ ነው፤ የሚጣላው ነገር ካላገኘ ይስማማል። እታለም ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ሁላቸውም! ይህን አስባ አታውቅም ነበር። በእሷ ምክንያት ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ወንበር ላይ፣ ወንድሟ በአንድ ጎኗ፣ ትልቋ ልጅ በሌላ ጎኗ። ያቺ ባጅ ያላት ልጅ ስታያቸው ምን ትል ይሆን? «ብቻዬን ነኝ አላሉኝም ነበር እንዴ?» ብላ መሳቋ አይቀርም። እታለም ሳህኖቹን ስታነሳ በልቧ መልሷን እያዘጋጀች ነበር።

ደወሉ ሲጮህ ፀጉሯን አስይዛ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ኩሽና ውስጥ ቆማለች። ልትከፍት ስትል ሚስትየው ቀደመቻት። እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ ከረባት ያሰረ፣ ሁሉ ነገሩ የተወለወለ ሰውዬና ታብሌት የታቀፈች ወጣት ሴት። እታለም በበሩ ስንጥቅ ባጅ ያላትን ልጅ ፈለገቻት፤ የለችም። የዚያች ልጅ ሥራ በር ላይ ነው፤ በሩን ያለፈ ሰው የሌላ ክፍል ኃላፊነት ነው። ሰውዬው ኢንሹራንስ ሻጭ እንደሆነና በትርፍ ጊዜው የእንግዶች ክትትልን እንደሚመራ ገና ሳይቀመጥ ተናገረ። ሶፋው ላይ ተመቻችቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው አሠራራቸውን ያብራራ ጀመር። «ድሮ እኮ በዓል ሲሆን ቤቱ ሞልቶ ይፈሳል፤ በሚቀጥለው እሁድ ግን ወንበሩ ብቻ ነው የሚቀረን። የመጣውን ሰው የት እናግኘው? አሁን ግን የመጣ ሁሉ በስልኩ ይያዛል። አንድ ስልክ፣ አንድ ቤተሰብ ነው የምንለው። በስልኩ ባለቤት ስም ይመዘገባል፣ ይደወላል፣ ቤቱ ድረስ ይኬዳል። ጌታ ይመስገን፣ ከእንግዲህ አንድም ሰው አይጠፋብንም።»

እታለም ትሪውን አንስታ ገባች። ሻዩ፣ ስኒዎቹ፣ የተቆራረጠው ኬክ፣ ሁሉም በወጉ ነው። አንዱ ቀና ብሎ «እንዴ፣ እርስዎ ነዎት!» እንዲላት እየጠበቀች ዝግ ብላ ነው የተራመደችው። ሰውዬው እጁን ለስኒ ዘረጋና «ተባረኩ እናቴ» አለ፤ ዓይኑ ወንድምዬው ላይ ነበር። ወጣቷ ደግሞ ወደ ሚስትየው ዞራ ፈገግ አለች። «ለመሆኑ የበዓሉን አምልኮ እንዴት አገኙት?»

ሚስትየው ስኒዋን አንስታ አስቀመጠችው። ትልቋን ልጅ አየቻት፤ ልጅቷ አዲስ በተጎነጎነ ፀጉሯ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። ቀጥሎ እታለምን አየቻት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እታለም ለመርዳት ያህል ፈገግ አለችላት፤ አሁን ትናገራለች ብላ ነው። «በጣም… ደስ የሚል ነበር» አለች ሚስትየው። ወንድምዬው ቀና ብሎ ሚስቱን ተመለከታት፤ ለእንግዳ ጨዋ መሆኗ ነው ብሎ ኬኩን ገመጠ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። አንዲት ትንሽ ውሸት ናት፤ ሰው በየቀኑ ከዚህ የባሰ ይዋሻል። ወጣቷ ግን ሥራዋን አክባሪ ናት፤ ጣቷን ታብሌቱ ላይ አንሸራተተች። «እዚህ ማስታወሻ ላይ ደግሞ ‹ጉልበቷን ስለሚያማት መኪና ያስፈልጋታል› ይላል። እርስዎ ነዎት?» የሚስትየው አንገት ቀላ። ጊዜ ነበራት፤ እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበራት። «አዎ… እኔ ነኝ። አንዳንዴ ነው» አለች። «አንቺን? ጉልበት?» አለ ወንድምዬው አፉ ኬክ እንደሞላ። «ደረጃ ስወጣ» አለችው ሳታየው። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ስኒውን አስቀምጦ ተነሳ። «ታዲያ ዝም እንላለን እንዴ? እንጸልይላታለን እንጂ!» አለና እጁን ወደ ሚስትየው ጉልበት ዘረጋ፤ ወጣቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወንድምዬው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ቆመ።

ጸሎቱ ረጅም ነበር። ሰውዬው ስለ ሚስትየው ጉልበት አጥብቆ ለመነ፤ መገጣጠሚያውን፣ ጅማቱን፣ አጥንቱን አንድ በአንድ እየጠራ። ለደረጃው ለመነ፤ ለዳገቱ ሳይቀር ለመነ። እታለም ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። በጸሎት መሐል ጥሎ መውጣት ነውር ነው፤ መቀመጫም አልተረፈም። ከጠዋቱ የሱቅ መንገድ ጀምሮ የቀኝ ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል፤ ክብደቷን ወደ ግራው ስታዛውር ወለሉ ሲጥ አለ። እኔ ብሆን ትሪውን መሬት ላይ እለቀው ነበር። የእኔ ጉልበት ነው፣ እኔ ነኝ፣ እኔን ነው ያላችሁኝ ብዬ በጮህኩ ነበር። እታለም ግን አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ የወንድሟ ሚስት በልጆቿ ፊት ውሸታም ትሆናለች፤ ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ያሳደገችው ወንድሟም በገዛ ሳሎኑ በሰው ፊት አንገቱን ይደፋል። ይህን የምታደርግበት ልብ አልነበራትም። ሰውዬው ሲጨርስ ሁሉም «አሜን» አሉ፤ እታለምም «አሜን» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሄደ። ወጣቷ ስም መዘገበች፤ አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ። ፒያኖው ነገ ከአምልኮ በኋላ ይጀመራል፤ ትልቋ ልጅ ጩኸቷን አፏን በእጇ ይዛ ዋጠችው። «መኪናችን ላይ የቀረን አራት ቦታ ነው፤ ይበቃችኋል?» አለ ሰውዬው። ወንድምዬው በዓይኑ ቆጠረ። «ሕፃኑ በዚህ ብርድ አይወጣም፤ ከእታለም ጋር ይውላል። እንዲያውም ልክ ይመጣልናል» አለ። ያኔ ነው ወጣቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እታለምን በደንብ ያየቻት። «እናታችንስ?» አለች። «ታላቅ እህቴ ናት» አለ ወንድምዬው፣ ከልቡ ኮርቶ። «ይህን ቤት ቀጥ አድርጋ የያዘችልን እሷ ናት።» «ኬኩም የእሷ እጅ ነው» አለች ሚስትየው ፈጠን ብላ። «እጅዎ ይባረክ! ቤተ ክርስቲያንስ ይሄዳሉ?» ሚስትየው መሬት መሬት ታያለች። ልጆቹ ኬኩን ይበላሉ። «በዓል ሲሆን» አለች እታለም። ወጣቷ ደስ አላት፤ ለእንዲህ ያለው መልስ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። «እንግዲያው በሚቀጥለው በዓል ከቤተሰቡ ጋር ይምጡ። የክብር እንግዳችን ይሆናሉ።» በሩ ላይ ሰውዬው የሁሉንም እጅ ጨበጠ። እታለም ስኒ እየሰበሰበች ስለነበር ከሩቅ እጁን አውለበለበላት።

ስኒዎቹን ስታጥብ ሚስትየው የቀሩትን ሳህኖች ራሷ ይዛ መጣች። ሳህን ይዛ መምጣት ልማዷ አይደለም። ከኋላዋ ቆመች። ውሃው ይፈሳል፤ ከሳሎን የልጅቷ ጣቶች የምግብ ጠረጴዛውን እንደ ፒያኖ ሲደበድቡ ይሰማል። «እታለም» አለች ሚስትየው። «እዚያ ጋ አስቀምጪው» አለች እታለም። «መጀመሪያ ላይ ልነግራቸው ነበር። ከዚያ… አለፈ። ልጅቷ ፒያኖ ስትል ስንት ጊዜዋ መሰለዎት። እኛ ደግሞ ከየት አምጥተን?» እታለም ስኒውን አለቅልቃ ደፋችው። «ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ እኮ። ትንሽ ከተላመድን በኋላ።» ሁለቱም እንደማትነግራቸው ያውቃሉ። በሌላ ሰው ጉልበት ታመምኩ ያለ ሰው፣ ተላምዶ ምን ብሎ ይጀምራል? «ተይው» አለች እታለም። «ልጅቷ ትማር።» ከልቧ ነበር ያለችው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብትዋሽ ይቀላት ነበር። ሚስትየው እጇን ወደ እታለም ትከሻ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ ፎጣ አንስታ ደረቅ ሳህን ማድረቅ ጀመረች።

እታለም ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ አሰበች። በአውቶቡስ ልትሄድ? ዳገቱን ማን ይወጣላታል? እሺ፣ እየተሳበች ወጣች እንበል፤ እዚያ ደርሳ ማን ነኝ ትላለች? ወንድሟና ሚስቱ ከፊት ተቀምጠው ሳለ ያቺ ባጅ ያላት ልጅ ሮጣ እጇን ብትይዝና «ጎበኙዎት አይደል?» ብትላት፣ ምን ብላ ትመልሳለች? ተጎብኝታለች። ተደውሎላታል፣ ቤቷ ድረስ ተመጥቷል፣ ለጉልበቷ ሳይቀር ተጸልዮላታል። በእነሱ ዘንድ የእሷ ነገር አልቋል፤ የጠፋ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሚፈልጋትም አይኖርም። ስልክ ጠብቃ መዋል እንኳ ከዛሬ ጀምሮ ቀረባት። ይህ ሲገባት ከፋት፤ በበዓሉ ዕለት በዚያ በተዘጋ በር ፊት ስትቆም እንኳ እንዲህ አልሆነችም ነበር።

ወንድምዬው የተረፈችውን የኬክ ቁራጭ ይዞ መጣና የኩሽናውን በር ተደገፈ። ፊቱ በርቷል፤ እንዲህ ደስ ብሎት ካየችው ቆይታለች። «ደግ ሰዎች ናቸው እኮ!» አለ እያኘከ። «እኔ ሊለምኑን ነው የሚመጡት ብዬ ነበር። ሰው እንዲህ ፈልጎ፣ ቤትህ ድረስ መጥቶ፣ ያውም ለማያውቀው ሰው ጉልበት ሲጸልይ… ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። እንዴት እንዳገኙን እንኳ ይገርመኛል።» ሚስቱ የያዘችው ሳህን ላይ ፎጣው ቆመ። ውሃው ይፈሳል። እታለም ቧንቧውን ዘጋች።

«አንቺም እኮ እታለም» አለ ወንድሟ፣ የጣቱን ፍርፋሪ እየላሰ፣ በእውነት አዝኖላት። «ቤት ቤት ብቻ አትበይ። አንድ ቀን ወጣ በይና አንቺም ከሰው ተገናኚ እንጂ።»

«እሺ» አለችው እታለም፤ ሕፃኑ ተነስቶ ያለቅስ ስለነበር እጇን በቀሚሷ አድርቃ ልታነሳው ሄደች።